«ሞቱ» እና «ተገደሉ»

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት ሳነብ አንድም ቀን ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ብዕር አነሳሁ።

በቅርቡ በውጭ ዜና ገጻችሁ ላይ ሁለት ዜናዎች ጎን ለጎን ወጥተው ነበር። ሁለቱም የጦርነት ዜና ናቸው። በሁለቱም ቦምብ የወደቀው መኖሪያ ቤት ላይ ነው፣ በሁለቱም ሕጻናት አልቀዋል። የአንደኛው ርዕስ የእገሌ አገር ጦር ሰላማዊ ሰዎችን «ጨፈጨፈ» ይላል። የሌላኛው ደግሞ «በደረሰ ፍንዳታ የሰዎች ሕይወት አለፈ» ይላል። ፍንዳታው ከየት መጣ? ማን ጣለው? እስከ ታች አነበብኩት። አውሮፕላኑ የማን እንደነበር የተጻፈው የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው።

ሆን ብላችሁ ነው አልልም። ከውጭ የዜና ወኪሎች ስትተረጉሙ አባባሉም አብሮ የመጣ ይመስለኛል። ግን አንባቢው ይዞ የሚሄደው ቃሉን ነው። «ተጨፈጨፉ» የሚለውን ያነበበ ሰው ገዳዩን ይፈልጋል። «ሕይወታቸው አለፈ» የሚለውን ያነበበ ነፍስ ይማር ብሎ ገጹን ይገልጣል።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ነገሩ በየቦታው ይታየኝ ጀመር። በመሥሪያ ቤታችን በእረፍት ሰዓት ክርክር አይጠፋም። ሁለት ባልደረቦቼ አሉ፤ አንዱ ምዕራባውያን ያደረጉት ሁሉ ልክ ነው ባይ ነው፣ ሌላው አሜሪካ የጠላችውን ሁሉ ይወዳል። ስልካቸውን እያወጡ የሞቱ ልጆች ፎቶ ይለዋወጣሉ። አንዱ ያሳየውን ሌላው አያየውም። ስልኩን ይቀበላል፣ ዓይኑን ሳያሳርፍበት ይመልሳል፣ ከዚያ የራሱን ይከፍታል። እውነት ለመናገር ከክርክሩ በላይ ያሳዘነኝ ይሄ ነው። የሞተ ልጅ መከራከሪያ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን «ቆይ፣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ» አልኳቸው። የአገር ስም አልጠራም፣ ዓመቱንም አልናገርም፣ እናንተ ብቻ ፍረዱ አልኩና ጀመርኩ። ወታደሮች በማለዳ በሄሊኮፕተር ወደ አንድ መንደር ይመጣሉ። የሚተኩስባቸው የለም። ያገኟቸው ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕጻናት ናቸው። ከየቤታቸው እያወጡ ይሰበስቧቸዋል። ብዙዎቹን የመስኖ ቦይ ውስጥ አስገብተው ይረሽኗቸዋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያልቃል። ሠራዊቱ ግን 128 የጠላት ተዋጊ ገደልን ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ዓለም እውነቱን የሰማው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ሁለቱም ፊታቸው ተቀየረ። «አውሬ ናቸው» አለ አንዱ። ሌላውም ተስማማ። ከዚያ የማን ሥራ ይመስላችኋል ስላቸው ሁለቱም ወዲያው መለሱ፣ እያንዳንዳቸው የማይወዱትን አገር ስም ጠሩ። ቦታው ቬትናም ነው፣ መንደሩ ሚ ላይ፣ ቀኑ ማርች 16 ቀን 1968፣ ወታደሮቹም አሜሪካውያን ናቸው አልኳቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንደኛው ደስ አለው። «አላልኩህም!» አለ። ሌላው ደግሞ «ቆይ ግን» ብሎ ጀመረ። የሽምቅ ውጊያ እኮ ነበር፣ መንደሬው ተዋጊ ይደብቅ ነበር፣ ወታደሮቹ ጓዶቻቸው በፈንጂ አልቀውባቸው ነበር። «አውሬ» ካለ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም።

ደስ ያለውን ሰውዬም ዝም አላልኩትም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በዚያው አገር፣ ሁዌ በምትባል ከተማ የሰሜን ቬትናም ጦርና የደቡቡ ሽምቅ ተዋጊዎች ከተማዋን ለሳምንታት ይዘው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እንደገደሉ፣ አስከሬኖቹም በኋላ ከጅምላ መቃብር እንደወጡ ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልሰማም። በዚያ ግፍ ለፍርድ የቀረበ ሰው የለም። ለሚ ላይም ቢሆን የተፈረደበት ሌተናንት ዊሊያም ካሊ ብቻ ነው። በ1971 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በቁም እስር ሆኖ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ ወጣ። ቬትናሞች የሟቾቹን ቁጥር 504 ይሉታል።

ከዚህ ታሪክ ልረሳው የማልችለው ሰው ሂዩ ቶምፕሰን ነው። የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር፣ እሱም አሜሪካዊ። ከላይ ሆኖ የሚሆነውን ሲያይ ሄሊኮፕተሩን በራሱ ወታደሮችና በሸሹት መንደርተኞች መካከል አሳረፈ። አብረውት ለነበሩት ሁለት ባልደረቦቹ፣ ወገኖቻችን በነዚህ ሰዎች ላይ ከተኮሱ እናንተም ተኩሱባቸው ብሎ አዘዛቸው። ከዚያ ከአስከሬን መሐል አንድ በሕይወት ያለ ሕጻን አውጥተው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱ። አገሩ ሲመለስ ምን ጠበቀው? የግድያ ዛቻ። ደጃፉ ላይ የሞተ እንስሳ ይጥሉበት ነበር። ካሊን ግን ሕዝቡ በደብዳቤና በዘፈን ደገፈው። ለቶምፕሰን ተገቢው ሜዳሊያ የተሰጠው በ1998 ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ። የራስህን ወገን በጠላትህ ሚዛን ስትመዝን የምትከፍለው ይህን ያህል ነው።

የጦርነት ሕግ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ነው የሚያያቸው። አንዱ ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ ምክንያቱስ ልክ ነው ወይ የሚል ነው። ሌላው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ እያንዳንዱ ወገን እንዴት ተዋጋ የሚል። የ1949ኞቹ የጄኔቫ ስምምነቶች የሚመለከቱት ሁለተኛውን ነው፣ የዓለም አገራትም በሙሉ ተቀብለዋቸዋል። የተወረረ አገር ስለተወረረ ምርኮኛ ማሰቃየት አይፈቀድለትም። የወራሪው የቆሰለ ወታደርም ወራሪ ነህ ተብሎ ሕክምና አይከለከልም። «እነሱ ናቸው የጀመሩት» ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችላል፣ ለሁለተኛው ግን አይሆንም። እኛ ሁለቱን አብረን እናቦካቸዋለን። የምንደግፈው ወገን ምክንያቱ ትክክል ከሆነ የሠራው ሁሉ ትክክል ይሆንልናል።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ያመፁትን የኬንያን ማው ማው ታሪክ ሳነብ ልቤ ከመጀመሪያው ከማው ማው ጋር ነበር። መሬታቸውን የተቀሙ ሰዎች ናቸው። በ1959 በሆላ እስር ቤት 11 እስረኞች በዱላ ተቀጥቅጠው ተገድለው የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር መጀመሪያ ላይ ውሃ ጠጥተው ነው የሞቱት ብሎ ነበር። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት ለ5,228 ተጎጂዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል። ይህን ሁሉ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ግን በማርች 1953 ላሪ በሚባል ቦታ የማው ማው ተዋጊዎች ለእንግሊዝ ያደሩ ሰዎችን ቤቶች ከነሴቱና ከነሕጻኑ እንዳቃጠሉ፣ ከዚያ የመንግሥት ወገኖች በበቀል ሌላ ብዙ ሰው እንደገደሉ ሳነብ፣ ላሪን ቶሎ ቶሎ አልፌ የበቀሉን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የላሪ ልጆች ለእንግሊዝ አላደሩም ነበር፣ ልጆች ናቸው።

ፍርድ ቤትም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ ናዚዎች መዳኘታቸው ትክክል ነበር፣ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ግን ከዳኝነቱ መሐል ሁለት ነገሮችን ተመልከቱ። የጀርመኑ አድሚራል ካርል ዶኒትዝ ያለማስጠንቀቂያ በባሕር ሰርጓጅ የንግድ መርከብ አስመትተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው የአሜሪካውን አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝን በጽሑፍ አስጠየቀው። ኒሚትዝም በሐቅ መለሰ፣ እኛም በፓሲፊክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው የተዋጋነው አለ። ፍርድ ቤቱ ዶኒትዝን በሌሎች ክሶች 10 ዓመት ፈረደበት፣ የባሕር ሰርጓጁን ሕግ መጣስ ግን ለቅጣቱ መሠረት አላደረገውም።

ሁለተኛው የካቲን ነገር ነው። የሶቪየት ዐቃቤ ሕጎች በካቲን ጫካ የተገደሉትን የፖላንድ መኮንኖች ጀርመኖች ናቸው የረሸኗቸው ብለው እዚያው ኑረምበርግ ክስ አቀረቡ። የገደላቸው ግን የራሱ የሶቪየት የደኅንነት ፖሊስ ነበር፣ በ1940፣ በዚያ ዘመቻ በተለያዩ ቦታዎች የተገደሉት በጠቅላላው 22,000 ገደማ ናቸው። ገዳዩ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። ፍርድ ቤቱም ማስረጃው አላስኬድ ሲለው በፍርዱ ውስጥ ካቲንን ጭራሽ ሳያነሳ አለፈ። ሞስኮ ያመነችው በ1990 ነው። እስከዚያ ድረስ የሟቾቹ ቤተሰቦች 50 ዓመት እውነቱን እያወቁ ዝም እንዲሉ ተደረገ።

የጃፓን ጦር ክፍል 731ም አለ። በቻይና ምድር በሕይወት ባሉ እስረኞች ላይ የበሽታ ጀርም ይሞክር ነበር። አለቃውን ሺሮ ኢሺን አሜሪካኖች የምርምር ውጤቱን ለመቀበል ሲሉ ከክስ ነፃ አደረጉት፣ ሳይዳኝ በ1959 በሕመም ሞተ። ሶቪየቶች በ1949 ካባሮቭስክ ላይ 12 ጃፓናውያንን በዚሁ ጉዳይ ሲዳኙ ምዕራቡ ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ ጣለው። ክሱ ግን በአብዛኛው እውነት ነበር። እውነቱን የሚናገረው የማትወደው ሰው ሲሆን እውነቱ ራሱ ይጠላል።

የኛንም አገር ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የከለከለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነበር። በ1935 እና 36 ግን በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ቆመው ይህንኑ ተናገሩ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ብዙም ሳይቆይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለመዳኘት ብትጠይቅ እንግሊዝ ተቃወመች። ባዶሊዮ ኢጣሊያ በ1943 ወገን ስትቀይር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው፣ ለድል አድራጊዎቹ አስፈላጊ ሆነ። ግራዚያኒ በ1950 በአገሩ ፍርድ ቤት ተፈረደበት፣ ግን ከጀርመኖች ጋር ተባብረሃል ተብሎ ነው። በአዲስ አበባ ስላለቀው ሕዝብ የጠየቀው የለም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ስለ ጋዙ ያመነው በ1996 ነው።

ይህን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች ስለ ሃላብጃ ስንሰማ መጀመሪያ መጮህ ነበረብን። ማርች 16 ቀን 1988፣ ሚ ላይ በሆነ ልክ በ20ኛ ዓመቱ፣ የሳዳም ሁሴን አውሮፕላኖች ኩርዶች የሚኖሩባትን የኢራቅ ከተማ ሃላብጃን በጋዝ መቱ። 5,000 ገደማ ሰው አለቀ። በዚያን ጊዜ ሳዳም ኢራንን የሚዋጋ ጠቃሚ ሰው ነበር። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጥፋቱን በከፊል ወደ ኢራን ገፉት። የጸጥታው ምክር ቤት በሜይ 1988 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 612 የኬሚካል መሣሪያ አጠቃቀሙን አወገዘና ሁለቱም ወገኖች እንዲታቀቡ እጠብቃለሁ አለ። የገዳዩን ስም አልጠራም። የናንተ «በደረሰ ፍንዳታ» የሚለው ዓይነት አጻጻፍ በውሳኔ ደረጃ ሲሆን ይህን ይመስላል። ከ15 ዓመት በኋላ ኢራቅን ለመውረር ሲፈለግ ግን የሃላብጃ ሟቾች በየመድረኩ ተጠሩ። ሟቾቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው የሳዳም ጥቅም ነው። በ2006 ሲሰቀል እንኳ በዱጃይል በተገደሉ 148 ሰዎች ጉዳይ ነው፣ በኩርዶቹ ላይ የተፈጸመው ዘመቻ ችሎት ሳይቋጭ።

አሁን ያለንበትንም እንይ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በማርች 2023 በፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ፕሬዚዳንት ባይደን ተገቢ ነው አሉ። ያው ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2024 በኔታንያሁ ላይ ሲያወጣ አሳፋሪ ነው አሉ። ዐቃቤ ሕጉ በሁለቱም ጊዜ ያው ሰው፣ ካሪም ካን ነበሩ። ሩሲያ የተፈላጊ ዝርዝር ውስጥ አስገባቻቸው፣ አሜሪካ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025 ማዕቀብ ጣለችባቸው። ብዙ ትናንሽ ቦምቦችን በሚበትነው በክላስተር ቦምብም እንዲሁ ነው። በ2022 ሩሲያ ተጠቅማበታለች ሲባል የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ እውነት ከሆነ የጦር ወንጀል ሊሆን ይችላል ብለው ነበር። በ2023 አሜሪካ ያንኑ ዓይነት ቦምብ ለዩክሬን ላከች። በወራሪና በተወራሪ መካከል ልዩነት የለም አላልኩም፣ አለ። ግን ሳይፈነዳ ሣር ውስጥ የቀረ ቦምብ ከዓመታት በኋላ የረገጠውን ልጅ አባትህ ከየትኛው ወገን ነበር ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ስል ምዕራባውያን ብቻ ናቸው ሁለት ሚዛን የያዙት ብሎ የሚደሰት አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። በዲሴምበር 2023 እስራኤልን በዘር ማጥፋት ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ፊት አቆመች። በ2015 ግን በዳርፉር ጉዳይ የሚፈለጉት የሱዳኑ ኦማር አል በሽር በእጇ ገብተው፣ የራሷ ፍርድ ቤት እንዳይወጡ አዝዞ እያለ፣ በአውሮፕላን ሲወጡ ዝም ብላ አየች። የወንጀል ፍርድ ቤቱ አፍሪካውያንን ብቻ ያሳድዳል የሚለው ቅሬታ መሠረት አለው፣ የፊሊፒንሱ ዱተርቴ በማርች 2025 እስኪቀርቡ ድረስ ፊቱ የቀረቡት ተከሳሾች ሁሉ አፍሪካውያን ነበሩ። ግን ቅሬታውን አብዝተው የሚያሰሙት መሪዎቹ ናቸው። ለዳርፉር ሴት ጥያቄው ፍርድ ቤቱ ለምን ሌላውን አልከሰሰም አይደለም፣ የሷን በዳይ ለምን ለቀቃችሁት ነው።

«እነሱስ?» የሚለውን ጥያቄ የምፈራው ለዚህ ነው። ጥያቄው ራሱ ትክክል ነው። ችግሩ የሚጠየቀው መቼ ነው የሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው በዩክሬኗ ቡቻ ስለተገደሉት ሲነገረው «ኢራቅስ?» ካለ፣ ስለ ጋዛ ሲነገረው «ኦክቶበር 7ስ?» (ሐማስ በ2023 እስራኤልን ያጠቃበት ቀን) ካለ፣ ስለ ኦክቶበር 7 ሲነገረው ደግሞ «ከዚያ በፊት ያለውስ?» ካለ፣ ስለ ኢራቅም ስለ ኦክቶበር 7ም ስለ ቀድሞውም ሟቾች ግድ ብሎት አይደለም። የአንዱን አስከሬን በሌላው አስከሬን እየሸፈነ ነው። ግድ ያለው ሰው «እነሱም ይጠየቁ» ይላል። «እነሱ ስላልተጠየቁ እኛም አንጠየቅ» የሚል የገዳይ ጠበቃ ነው።

ደግሞ እኩል መመዘን ማለት ሁሉም እኩል አጥፍቷል ማለት አይደለም። አንዱ ወገን አሥር እጥፍ ገድሎ ይሆናል። ከሆነ ሚዛኑ ያንን ያሳይ። ሁለቱም ወገን አጥፍቷል ብሎ ነገሩን ማለሳለስም ለገዳዩ ማድላት ነው፣ የውሳኔ 612 ዓይነት ማድላት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ዜና ስትጽፉ ገዳዩ ከታወቀ ርዕሱ ላይ አስገቡት፣ ማንም ይሁን ማን። ካልታወቀም በግልጽ አልታወቀም በሉ። ለአንዱ አገር ሟቾች ዕድሜና ስም ከጻፋችሁ ለሌላውም ፈልጉ፣ ካጣችሁ እንዳጣችሁ ጻፉ። «መንግሥት አስታወቀ» የሚለውንም ለሁሉም መንግሥት እኩል ተጠቀሙበት፤ የአንዱን መግለጫ «አስታወቀ»፣ የሌላውን «ሲል ክስ አሰማ» ማለት አንባቢው ከማንበቡ በፊት መፍረድ ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ አንዱ ጋዜጣችሁን በየቀኑ ይገዛል፣ ከሱም የሚቆርጣት ነገር ትኖራለች፤ እሱን ብቻ አስቡት።

ሁለቱን ዜናዎች ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣቸዋለሁ። በአንደኛው ላይ «ጨፈጨፈ» የሚለውን፣ በሌላኛው ላይ «ፍንዳታ» የሚለውን በቀይ አስምሬባቸዋለሁ። የሟቾቹን ቁጥርም አስምሬያለሁ። በሁለቱም አሥራ አንድ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ